ዥጉርጉሩ ቁጥቋጦ ማን ነው? በደጋና በቆላ ግቢ ለመለየት የሚረዳ ንጽጽር

ለፋሲካ የገዛነውን በግ በሩ አጠገብ ካለው ቁጥቋጦ ሥር ያሰርኩት እኔ ነኝ። ጥላ አለው ብዬ ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እናቴ ከጓዳ ወጥታ ጮኸች። በጉ ዳር ዳሩ ቢጫ የሆነውን ቅጠል እየቀነጠሰ ይበላል። «መርዝ ቢሆንስ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ደብረ ብርሃን ያለውን ይህን ቤት ስንገዛ ቁጥቋጦው ከግቢው ጋር አብሮ የመጣ ነው። ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ስሙን ጠይቀን አናውቅም።

በጉን ፈትተን ሌላ ቦታ አሰርነው። እስከ ማታ ድረስ እየተመላለስን አየነው፤ ያመሰኳል፣ ምንም አልሆነም። ጥያቄው ግን እኔን አልለቀቀኝም። ጎረቤታችን እማማ «ክሮቶን ነዋ!» አሉኝ። ችግኝ የሚሸጥ አንድ ልጅ ፎቶውን ስልኬ ላይ አይቶ «ዱራንታ ነው ወንድሜ፣ መቶ ፐርሰንት» አለ። የስልኩ መተግበሪያ ደግሞ ሦስት ስም ደረደረልኝ። አንዱም ከእነሱ ጋር አይገናኝም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቅጠል ገልብጫለሁ። የሰው አጥር ላይ ተንጠልጥዬም ታይቻለሁ። እዚህ የምጽፈው በሰሜን ሸዋ ግቢዎች ሊያጋጥሟችሁ የሚችሉትን ዥጉርጉር ቁጥቋጦዎች አንዱን ከሌላው እንዴት እንደምትለዩ ነው። ሳሎን ውስጥ በማሰሮ የሚያድጉትን ትቻቸዋለሁ። እነሱ ሌላ ዓለም ናቸው።

ቀለሙን ለጊዜው ርሱት

ዥጉርጉር ቁጥቋጦ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ቀለሙ ነው። «ዳሩ ቢጫ፣ መሃሉ አረንጓዴ የሆነው ምንድን ነው?» ይላል። ይሄ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሞ «ነጠላ የለበሰውን ሰውዬ ጥራልኝ» እንደ ማለት ነው።

ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል ነው። እምቡጥ ውስጥ ያለ አንድ ሴል ክሎሮፊል መሥራት ሲያቅተው፣ ከእሱ የሚወለዱትም ያቅታቸዋል። ያ የቅጠሉ ክፍል ነጭ ወይም ቢጫ ሆኖ ይወጣል። አትክልተኛ ይህን ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ቅርንጫፉን ቆርጦ እየተከለ ያባዛዋል። ይህ ነገር በማይዛመዱ ብዙ የተክል ቤተሰቦች ውስጥ ሆኗል። ስለዚህ ሁለት ቁጥቋጦዎች አንድ ዓይነት ቢጫ ዳር ስላላቸው ዘመዳሞች ናቸው ማለት አይደለም።

ቀለሙ ደግሞ ይከዳል። ነብር ዥጉርጉርነቱን አይለውጥም ይባላል፤ ቁጥቋጦ ግን ይለውጣል። አንድ ቀን ከመሃሉ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ የሆነ ቅርንጫፍ ይወጣል። ክሎሮፊሉ ስላልጎደለ ከሌሎቹ ይፈጥናል። ዝም ካላችሁት በጥቂት ዓመት ውስጥ ዥጉርጉሩን ይውጠዋል። እንዲህ ያለውን ቅርንጫፍ ከመነሻው ቁረጡት። ግን ከመቁረጣችሁ በፊት ፎቶ አንሱት፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዥጉርጉር ነው ወይስ ታሟል?

ይሄን ቶሎ ልለፈው፣ ግን መዝለል አይቻልም። የታመመ ቅጠል ዥጉርጉር መስሎ ብዙ ሰው ያታልላል። እውነተኛው ዥጉርጉር ቀለሙ ድንበር አለው፤ ቢጫው የት እንደሚያልቅ በጣት ታሳያላችሁ። ከቅጠል ቅጠልም መልኩ ይደጋገማል። አዲሱ ቅጠል ላይ ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ በጅማቶቹ መካከል ያለው ብቻ ከገረጣ ብረት አንሶታል። ተመሳሳይ መግርጣት ከታች ባሉት አሮጌ ቅጠሎች ከጀመረ የማግኒዥየም እጥረትን ጠርጥሩ። በክረምት ውኃ የሚቋጥር ዋልካ አፈር ላይ የተተከለ ቁጥቋጦም ሥሩ አየር ሲያጣ ይገረጣል፤ እሱ ስም ሳይሆን ውኃ የሚያወጣ ቦይ ነው የሚፈልገው።

አንድ አስገራሚ ነገር ግን አለ። አቡቲሎን የሚባል ቁጥቋጦ አለ፤ ቅጠሉ የወይን ቅጠል ይመስላል፣ አበባው ወደ ታች የተንጠለጠለ ብርቱካንማ ደወል ነው። ከዓይነቶቹ በአንዱ ላይ ያለው ቢጫ ነጠብጣብ ከቫይረስ የመጣ ነው። ነጭ ዝንብ ከተክል ወደ ተክል ታስተላልፈዋለች። ሰዎች ውበቱን ወደውት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሽታውን አብረው ያራባሉ። ስለዚህ ደወል መሳይ አበባ ያለው፣ ቢጫው ያለ ሥርዓት የተረጨ የሚመስል ቁጥቋጦ ካላችሁ ብዙ አትልፉ፤ እሱ ነው። ባሚያና ጥጥ የቅርብ ዘመዶቹ ስለሆኑ ግን ከጓሮ ባሚያችሁ ራቅ አድርጉት።

ከጣርማ በር ወዲህ ወይስ ወዲያ?

ችግኝ ሻጮችም መተግበሪያዎችም የማይጠይቁት ጥያቄ ይሄ ነው። እኔ ከሁሉም በፊት እሱን እጠይቃለሁ፤ የት ነው ያላችሁት?

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል ብላችሁ ብታስቡ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል የ9 ዲግሪ ልዩነት አለ። ጣርማ በርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና የወረደ ሰው ጃኬቱን የት እንዳወለቀ ያስታውሳል። ተክሎችም እንደዚያው ናቸው። ብቻ እነሱ የሚያወልቁት ቅጠላቸውን ነው።

ደጋ ላይ ዳኛው ውርጭ ነው። ከጥቅምት በኋላ ሰማዩ ጥርት ያለባቸው ሌሊቶች አሉ፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ያ ቁጥቋጦ ደጅ ላይ ሆኖ ብዙ ውርጭ አሳልፎ ቅጠሉ ካልጠቆረ ግማሹን ዝርዝር በአንድ ጊዜ መሰረዝ ትችላላችሁ። የእማማ ክሮቶን የወደቀው እዚህ ላይ ነው። ክሮቶን የደቡብ ምሥራቅ እስያና የፓስፊክ ደሴቶች ሰው ነው፤ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሲወርድ ቅጠሉን ማርገፍ ይጀምራል። ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ቢሆን ኖሮ አልከራከራቸውም ነበር።

በዚህ አጋጣሚ፣ ስሙ ግራ ያጋባችሁ ካላችሁ፣ በሳይንሱ እውነተኛው ክሮቶን የእኛ ብሳና ነው። የጌጡ ክሮቶን ዘመዱ እንጂ ራሱ አይደለም።

ጌሾና ወይራ ይበቁናል

አሁን ወደ ቅጠሉ እንግባ። የዕፅዋት መጽሐፍ ብትከፍቱ በከባድ ቃላት ያስፈራሯችኋል። እኔ የምጠቀመው ሁላችንም የምናውቃቸውን ሁለት ተክሎች ነው።

መጀመሪያ የቅጠሉን አቀማመጥ እዩ። የወይራ ቅርንጫፍ ያዙ። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ከአንድ ቦታ በግራና በቀኝ ፊት ለፊት ይወጣሉ። ቡናም እንዲሁ ነው፤ ሰንሰልም። አሁን ጌሾ ያዙ። አንዱ ቅጠል ወዲህ፣ ቀጣዩ ከፍ ብሎ ወዲያ ነው። ሎሚም እንደ ጌሾ ነው። ይህ ነገር በቀለም አይቀየርም፣ በመግረዝ አይቀየርም፣ በውርጭ አይቀየርም። አንድ ጥያቄ ብቻ የምትጠይቁ ከሆነ ይህን ጠይቁ፤ እንደ ወይራ ነው ወይስ እንደ ጌሾ? መሃል ላይ ያለ ጠንካራ ቅርንጫፍ መርጣችሁ እዩ። ጫፉ ላይ ቅጠሎች ስለሚጠጋጉ ያሳስታሉ።

ቀጥሎ ዳሩን በጥፍራችሁ ዳስሱት። በዓይን ሳይሆን በጥፍር። ዥጉርጉር ቅጠል ላይ ነጩ ዳር ጥርሱን ይደብቃል፤ ጥፍር ግን አይዋሽም። ጌሾ ጥርስ አለው፣ እንደ ደቃቅ መጋዝ ኮርኮር ያደርጋል። ወይራ ልስልስ ነው።

ከዚያ ገልብጡት። የቅጠል ጀርባ የሚያይ ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙ ምስጢር ያለው ግን እዚያ ነው። የወይራን ጀርባ ታውቁታላችሁ፤ ወርቅማ ቡናማ ነው። ያንን የሚመስል ነገር ካገኛችሁ ዝርዝሩ ወዲያው ያጥራል።

የመጨረሻው ፈሳሹ ነው። አንድ ቅጠል ስትቀነጥሱ እንደ ቅንጭብ ነጭ ወተት ይወጣል? ወተት ካለ እጃችሁን ከዓይናችሁ አርቁ። ቀምሶ መለየት የሚባለውን የድሮ ልማድ ደግሞ እዚህ ጋ ተዉት። ለምን እንደሆነ ኦሊያንደር ጋ ስንደርስ ይገባችኋል።

እንደ ወይራ ጥንድ ከሆነ

ደጋ ላይ እውነተኛው ክርክር ያለው እዚህ ነው። እኔም ብዙ የቆየሁት እዚህ ነው።

አንደኛው ተጠርጣሪ ኢዎኒመስ ነው፤ የጃፓን፣ የኮሪያና የቻይና ልጅ። ቅጠሉ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከ3 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር የሚሆን እንቁላል ቅርጽ ነው። ዳሩ ደቃቅ ጥርስ አለው። ለጋ ቅርንጫፉ አረንጓዴ ነው፤ በጣታችሁ ብታንከባልሉት አራት ማዕዘን ያለው ይመስላል። ዥጉርጉሩ በብዙ መልክ ይመጣል፤ ዳሩ ቢጫ፣ ዳሩ ነጭ፣ ወይም ተገልብጦ መሃሉ ቢጫ። አበባው ትንሽ፣ አረንጓዴ ያዘለ ነጭ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። ፍሬው ግን ውብ ነው። ሐምራዊ ቅርፊት ይሰነጠቅና ውስጡ ብርቱካንማ ሽፋን ያላቸው ዘሮች ይታያሉ። ፍሬውም ቅጠሉም ሲበላ ሆድ ያበላሻል፤ ለልጅና ለከብት አይሆንም። ሁለት ጠላት አለው። አንዱ ቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነፋበት የሚያስመስል ሻጋታ ነው። ሌላው ግንዱ ላይ እንደ ቅርፊት የሚለጠፍ ተባይ ነው።

ሁለተኛው ሊገስትረም ነው፣ ወርቃማው ዓይነት። ከሩቅ ሲታይ ከኢዎኒመስ ጋር መንታ ነው። አጥር ሆኖ ሲከረከም ደግሞ ይብሳል። ከቀረባችሁ ግን ዳሩ ፍጹም ልስልስ ነው፤ ጥፍራችሁ ያንሸራትታል። ቅጠሉ ሳሳ ያለ ነው። ቅርንጫፉ አረንጓዴ ሳይሆን ግራጫ ቡናማ ነው። ከከረከማችሁት ሰነባብቶ ካበበ ነጭ የአበባ ዘለላው ሽታው ከባድ ነው፤ አንዳንዱ ይወደዋል፣ እኔ ራሴን ያመኛል። ፍሬው ጥቁር ሲሆን መርዛማ ነው። ሊገስትረም የወይራ ቤተሰብ ስለሆነ ጥንድ ቅጠሉ አይግረማችሁ።

እነዚህን ሁለቱን የሚለየው ጥፍር ነው ብዬ እደመድማለሁ። ሌላው ሁሉ ይከራከራል።

ሦስተኛው ዱራንታ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግቢው ሁሉ ዱራንታ ስለሆነ ችግኝ ሻጩ ልጅ አይፈረድበትም። ከአሜሪካ ሞቃት አገሮች የመጣ ነው። ቅጠሉ ቀጭንና ለስላሳ ነው፤ ጥርስ ካለው ወደ ጫፉ በኩል ነው። አንዳንዱ ቅርንጫፍ እሾህ አለው። አበባው ሰማያዊ ሐምራዊ ሆኖ ይንጠለጠላል። ፍሬው እንደ ዶቃ የተደረደረ ቢጫ ነው፤ ልጆች ይወዱታል፣ መርዝ ግን ነው። ከኢዎኒመስ ጋር አንድ ላይ ብትይዟቸው ልዩነቱ እንደ ወረቀትና እንደ ቆዳ ነው። ደግሞም ውርጭ ያቃጥለዋል። ደብረ ብርሃን ላይ ግድግዳ የተጠጋ ዱራንታ ሊኖር ይችላል፤ ሜዳ ላይ ያለው ግን በታኅሣሥ ጫፉ ጠቁሮ ታዩታላችሁ።

አራተኛው አኩባ ነው። ይሄ ከማንም ጋር አይምታታም። ቅጠሉ ትልቅ ነው፣ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ዳሩ ሳይሆን መላ ገጹ ላይ ወርቅ የተረጨበት ይመስላል። ጥላ ይወዳል። የደጋ ፀሐይ ካገኘው ቅጠሉ ይጠቁራል፤ ሰውም በሽታ መስሎት ይነቅለዋል። ሴትና ወንዱ የተለያየ ተክል ናቸው። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1783 እንግሊዝ አገር የገባችው ሴቷ ብቻ ነበረች። ወንዱ እስከ 1860ዎቹ ድረስ አልመጣም። ወደ ሰማንያ ዓመት ያህል እንግሊዞች ቀይ ፍሬዋን ሳያዩ ቅጠሏን ብቻ ሲያደንቁ ኖሩ።

እንደ ጌሾ ወዲህና ወዲያ ከሆነ

ኤሊያግነስን የምታውቁት ስትገለብጡት ነው። ከላይ መሃሉ ቢጫ፣ ዳሩ አረንጓዴ ወይም ተገልብጦ ነው። ዳሩ ጥርስ የለውም፤ ትንሽ ሞገድ ይሠራል። ጀርባው ግን ብር ነው፤ ብሩ ላይ ደቃቅ ቡናማ ነጠብጣብ አለ። በአውራ ጣት ብታሹት ይራገፋል። ቅርንጫፉም ዝገት የያዘ ይመስላል። አንዳንዱ ዓይነት እሾህ አለው። አበባው ቅጠል ሥር ተደብቆ ስለሚያብብ ሽታው ይደርሳችኋል፣ አበባው ግን አይታይም። ብርድም ንፋስም አይበግረውም። እንደ ሸውሸዌ ዛፍ ሥሩ ላይ ከአየር ናይትሮጅን የሚይዙ ረቂቅ ተሕዋስያን ስላሉት ደካማ አፈር ላይም ይቆማል። ለደብረ ብርሃንና ለመንዝ ግቢ እኔ ብመርጥ ይሄን እመርጣለሁ። መርዝም የለውም።

ፒቶስፖረም ሁለት ዓይነት ሆኖ ያጋጥማል። የጃፓኑ ቅጠሉ ጫፉ ክብ ነው፣ ዳሩ ወደ ኋላ ይጠቀለላል፣ መልኩ ግራጫ አረንጓዴ ሆኖ ዳሩ ክሬም ነው። ቅጠሎቹ ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ስለሚሰበሰቡ እንደ አክሊል ዙሪያውን የወጡ ይመስላሉ፤ በደንብ ካያችሁ ግን ወዲህና ወዲያ ናቸው። አበባው የብርቱካን አበባ ይሸታል። የኒውዚላንዱ ደግሞ ቅጠሉ ቀጭን፣ ዳሩ የሚጨማደድ፣ ቅርንጫፉ ጥቁር ማለት ይቻላል። ጥቁር ጭራሮ ላይ ነጣ ያለ ቅጠል ካያችሁ ሌላ ነገር አትፈልጉ። የሁለቱም ዘር በሚያጣብቅ ሙጫ የተለወሰ ነው። እንዶድን አረፋ የሚያስወጣው ሳፖኒን በፒቶስፖረምም ስላለ ለከብት መኖ አታድርጉት።

ኤሊያግነስን ከፒቶስፖረም የሚለየው እንግዲህ ጀርባው ነው። ብር ከሆነ ኤሊያግነስ፣ ገረጣ ያለ አረንጓዴ ከሆነ ፒቶስፖረም።

ቆላ ከሆናችሁ ክሮቶን፣ አካሊፋና ዥጉርጉሩ ሂቢስከስ ይጨመራሉ። ሦስቱም እንደ ጌሾ ናቸው። ክሮቶን እንደ ቆዳ ወፍራም ሆኖ ጅማቱ ቀይና ቢጫ ነው፤ ፈሳሹ ቆዳ ያሳክካል። አካሊፋ ሳሳ ያለ፣ ጥርሱ የጎላ፣ መልኩ የመዳብ ነው። ሂቢስከሱ ሲያብብ ራሱ ይናገራል።

ሦስት ሦስት ከሆነ ቁሙ

ከአንድ ቦታ ሦስት ቅጠል ከወጣ፣ ቅጠሉም ረጅም፣ ጠባብና ደረቅ ያለ ከሆነ፣ እጃችሁን ሰብስቡ። ያ ኦሊያንደር ሊሆን ይችላል። ሮዝ፣ ነጭ ወይም ቀይ ያብባል። ዳሩ ቢጫ የሆነ ዥጉርጉር ዓይነት አለው። በሞቃት ቦታ ስለሚመቸው ከጣርማ በር ወዲያ ወደ ቆላው ስትወርዱ ይበልጥ ጠርጥሩት።

ሁሉ ነገሩ መርዝ ነው፤ ቅጠሉ፣ አበባው፣ ግንዱ፣ ሲቃጠል ጭሱ ጭምር። መርዙ የልብ ምትን ያዛባል። የእኛ ምረንዝ፣ ያ በጥንት ለቀስት መርዝ ይውል የነበረው ዛፍ፣ ከዚሁ ቤተሰብ ነው። አጋምም የዚያው ቤት ልጅ መሆኑ ይገርማል። አጋም የበላ ልጅ ዘመዱን አይፈራም። ስለዚህ ኦሊያንደር ያለበት ግቢ ልጅ ወይም በግ ካለ ስም በማጣራት ጊዜ አታጥፉ፤ አጥሩት ወይም ንቀሉት። ቅርንጫፉን ለሥጋ ጥብስ ማገዶ አታድርጉ።

ማንን ልጠይቅ?

ሦስት መንገድ አለ። እኔ ሦስቱንም ሞክሬ ከሁለቱ ጋር ተጣልቻለሁ።

ችግኝ ሻጭ ፈጣን ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ግን የሚያውቀው የሚሸጠውን ነው። በእሱ ዝርዝር የሌለ ተክል በዓለም ላይ የለም። እሱን ስም ሳይሆን ሌላ ነገር ጠይቁት፤ «ይሄ ነገር እዚህ ክረምትና ውርጭ ችሎ ያድጋል?» በሉት። በዚያ ላይ አይሸነፍም።

የስልክ መተግበሪያ፣ ለምሳሌ ፕላንትኔት ወይም አይናቹራሊስት፣ ጥሩ መነሻ ነው፤ ፍርድ ግን አይደለም። የእኔ ስህተት ቁጥቋጦውን ከሩቅ፣ ሙሉ ቁመናውን ማንሳቴ ነበር። ከሩቅ የሚታየው ቢጫ ነገር ብቻ ነው። የቅጠሉን ፊት፣ ጀርባውን፣ ቅጠሎቹ ከቅርንጫፉ የሚወጡበትን ቦታ፣ ካለም አበባና ፍሬ ለየብቻ አንሱ። እና ያቺን አረንጓዴ ሆና ያመለጠችውን ቅርንጫፍ! መተግበሪያው ብዙ ፎቶ ያየው አረንጓዴውን የተክሉን መልክ ነው። ዥጉርጉሩን አሳይቼው ሦስት ስም ሲደረድር፣ አረንጓዴዋን ሳሳየው አንድ ስም ላይ ረጋ።

ሦስተኛው ዘገምተኛ ነው፣ ግን እርግጠኛ ነው። አንድ ቅርንጫፍ ከነቅጠሉ፣ አበባ ወይም ፍሬ ካለው ከነሱ ጋር፣ በጋዜጣ መሃል አድርጋችሁ ከባድ ነገር ጫኑበት። ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ። ሲደርቅ የተቆረጠበትን ቦታ፣ ከፍታውን፣ ቀኑን፣ የአበባውን ቀለም ጻፉበት፤ አበባ ሲደርቅ ቀለሙ ይጠፋልና። አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ አራት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሐርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ናሙና የሚቀመጥበት ቤት፣ አለ። ቅርብ ከፈለጋችሁ ዕፅዋት የሚያስተምር የባዮሎጂ መምህር ፈልጉ። ቅጠል ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግን «አበባውስ?» መባላችሁ አይቀርም።

አበባ የማይታየው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በራሳችን ጥፋት ነው። በየጊዜው እንከረክመዋለን፤ አበባ የሚያወጣውን ጫፍ እንቆርጠዋለን። የማታውቁት ቁጥቋጦ ካላችሁ አንድ ጎኑን ለአንድ ዓመት አትንኩት። ግቢው ያልተላጨ ሰውዬ ይመስላል፣ ይሁን።

የእኛው ቁጥቋጦስ?

ጥንድ ነው። ስለዚህ ኤሊያግነስና ፒቶስፖረም ወጡ። ውርጭ ችሏል፤ ዱራንታ ወጣ። ነጠብጣብ ሳይሆን ቢጫ ዳር ነው፤ አኩባ ወጣ። ኢዎኒመስና ሊገስትረም ቀሩ። ለጋ ቅርንጫፉን አየሁት፤ አረንጓዴ ነው። ልቤ ቢያደላም ጥፍሬን ቢጫው ዳር ላይ ሳብኩት። ኮርኮር፣ ኮርኮር አለ። እንደ ጌሾ።

ኢዎኒመስ ነው። እናቴ ልክ ነበረች፤ ለበግ አይሆንም። በጉ ጥቂት ቅጠል ቀምሶ ስለተረፈ ሌላው በግም ይተርፋል ማለት አይደለም። አሁን እንስሳ የምናስረው ከጓሮ ካለው ጽድ ሥር ነው።

እማማ ባለፈው ሳምንት መጥተው ቅርንጫፍ ቆርጬ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ፤ ለራሳቸው ግቢ። የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ እንጨት መሆን የጀመረ፣ ቢጫ ዳሩ የደመቀ መርጬ ቆረጥኩላቸው። ከአረንጓዴዋ ቅርንጫፍ ብቆርጥ ኖሮ አረንጓዴ ነበር የሚበቅልላቸው። ስሙን በወረቀት ጻፍኩላቸው፤ «ኢዎኒመስ» ብዬ። ወረቀቱን ወዲያና ወዲህ ገልብጠው አዩና ቅርንጫፎቹን ነጠላቸው ውስጥ ጠቀለሉ።

«ይህን ክሮቶን በሰኔ ነው ወይስ አሁን ነው የምተክለው?» አሉኝ።

በሰኔ ይሻላል አልኳቸው፤ እስከዚያ ግን በእርጥብ አሸዋ ጥላ ሥር ያቆዩት።